ናፍጣ ሲቆም

ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ኖዝል ተፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማየው ጫፉን ነው። ጥቁር ሁሉ አንድ አይደለም። ጣት ሲነካው የሚረግፍ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ሞተሩ አየር አጥሮታል፤ ፊልትሮው ታፍኗል ወይም ፖምፓው አብዝቶ እየሰጠ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ራሱ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ቢያጨስ አይገርመኝም። መርፌው ላይ ቡናማ ቫርኒሽ ከተለበጠ ናፍጣው በመጠነኛ ሙቀት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ቆይቷል ማለት ነው። የሚያስቸግረኝ ሦስተኛው ነው፦ የሚያብለጨልጭ፣ ጥፍር የማይበግረው፣ ቀዳዳዎቹን ዙሪያቸውን የከበበ ከሰል።

ይህን ይዞ የሚመጣ ሹፌር አመሉ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ናፍጣው ነው የበላኝ፤ ላምባ ቀላቅለውበታል» ይላል። መቀላቀሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ላምባ ግን ከናፍጣ የቀለለ ስለሆነ ከሰል በመሥራት አይታማም፤ ማለስለስ ስለማይችል የሚጨርሰው ፖምፓውን ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው።

«ከአባይ ድልድይ ተነስተህ ጎሃ ጽዮን ስትደርስ ምን አደረግህ?»

«ምሳ በላሁ።»

«ሞተሩንስ?»

«አጠፋሁት ነዋ!»

ያ ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ያስወጣል። ጭነት ላይ የኖዝል ጫፍ ሙቀት 300 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ እንዳይሄድ የሚያግዘው በውስጡ የሚያልፈው ናፍጣ ራሱ ነው፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣል። ቁልፉ ሲዘጋ ናፍጣው ይቆማል፣ የቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ግለት ግን አይቆምም። ጫፉ ውስጥ የቀረችው ጠብታ መሄጃ የላትም። ቀላሉ ይተናል፤ ረጅሙ የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ሃይድሮጅኑ እየተለየ የቀረው እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በመጨረሻ ከሞላ ጎደል ካርቦን ብቻ ይቀራል። ማማሰል ያቆሙት ሽሮ ከድስቱ ሥር እንደሚያር ማለት ነው። ቱርቦ ካለው ዘይቱም ኩሽኔታው ላይ በዚያው መንገድ ይከስላል፤ ሂሳቡም ከኖዝል የከበደ ነው።

ናፍጣ ውስጥ የሟሟ ዚንክ የኖዝሉን መክሰል ያፋጥነዋል። አውሮፓ ውስጥ ኖዝል ከሰል መያዙን በሚፈትኑበት ሞተር ላይ ሆን ብለው የሚጨምሩት ዚንክ ከሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ያቺው ትበቃለች። ስለዚህ ዚንክ በተቀባ በርሜል ናፍጣ የሚያጠራቅም ደንበኛ ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም።

አንዳንዴ ጥፋቱ የሹፌሩም የናፍጣውም አይደለም፤ የመካኒኩ ነው። ከኖዝሉ ሥር የምትገባው የመዳብ ሮንዴላ ጋዝ ከመዝጋት ሌላ ሙቀትን ከኖዝሉ ወደ ቴስታታው ታስተላልፋለች። አሮጌዋን መልሶ የሚገጥም፣ አሮጌዋን ሳያወጣ በላይዋ አዲስ የሚደርብ መካኒክ ሞልቷል። ጋዝ ያመልጣል፣ ጫፉ ይግላል፣ ከሰሉ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

ለማጽዳት የብረት ብሩሽ የሚያነሳ ሰው ጠረጴዛዬ አጠገብ አይደርስም። ቀዳዳው እጅግ ጠባብ ነው፤ አፉ ከተጫረ ርጭቱ ለዘለዓለም ይጣመማል። ማሟሟቂያ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ ለስላሳ በሆነ የነሐስ ብሩሽ አብሳለሁ፣ ከዚያ በእጅ መሞከሪያው ላይ እሰቅለዋለሁ። ጤነኛ ከሆነ ጢርርር ብሎ ጉም ይተፋል፤ ጫፉም ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ከረጨ በኋላ አንዲት ጠብታ ከተንጠለጠለች ግን ማጽዳቱ ከንቱ ነው፤ ያቺ ጠብታ ነገ ከሰል ናት፣ ኖዝሉ ይቀየራል።

ሹፌሮቹ ዳገት ከወጡ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳያጠፉ እንዲቆዩ ስነግራቸው ናፍጣ ይባክናል ይሉኛል። ሌሎቹ ደግሞ ምክሬን አጥብቀው ይዘው ጠዋት ተራ እስኪደርሳቸው ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ አስነስተው ያቆዩታል። እሱም አይሆንም፤ ያለ ጭነት ሲሊንደሩ ስለሚቀዘቅዝ ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ የፒስተን ፋሻዎቹ ከሰል ይይዛሉ። ሦስት ደቂቃ ነው ያልኩት።