የሐምራን አዳኞች ወግና የሳሙኤል ቤከር መጽሐፍ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር «የአቢሲኒያ የዓባይ ገባሮችና የሐምራን ዐረቦች ሰይፈኛ አዳኞች» ብሎ የሰየመው መጽሐፍ በ1867 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በለንደን ታተመ። ደራሲው ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋራ በ1861 ወደ ሱዳን ጠረፍ ደርሶ፥ የተከዜ የታችኛው ክፍል በሆነው በሰቲት ዳር ከሐምራን አዳኞች ጋራ ሰፍሮ አድኗል። መጽሐፉን የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልጉት ወይ የወንዞቹን አቅጣጫ ወይ የአዳኞቹን ጀግንነት ነው። እኛ ግን በውስጡ ተበታትኖ የሚገኘውን ሦስተኛ ነገር፥ ይኸውም በአንድነት ወደ አደን የሚወጡ ባልንጀሮች በመካከላቸው የሚጠብቁትን ወግ፥ ልንመረምር እንወዳለን። ደራሲው ይህን ወግ በዐይኑ አይቶታል፤ ምን እንዳየ ግን በሚገባ አላስተዋለም እንላለን።

የአደኑ ሥርዐት እንዲህ ነበረ። አዳኞቹ ጥቂት ፈረሰኞች ሲሆኑ፥ መሣሪያቸው በሁለት ወገን የተሳለ ቀጥ ያለ ሰይፍ ነው። ከእነርሱ አንዱ በዝሆኑ ፊት ይጋልባል። ይህ ሰው እጅግ ቢርቅ ዝሆኑ ማባረሩን ትቶ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ቢዘገይ ደግሞ በኩምቢው ይያዛል። ስለዚህ ፈረሱን ከኩምቢው ጫፍ ጥቂት ብቻ አስቀድሞ፥ ዘወር እያለ እየተመለከተ፥ የአውሬውን ቍጣ በራሱ ላይ አስሮ መቈየት አለበት። በዚህ መካከል ከኋላ የሚከተሉት ይደርሳሉ። አንዱ ከሚጋልበው ፈረስ ላይ ዘሎ ይወርድና ሰይፉን በሁለት እጁ ይዞ የዝሆኑን የኋላ እግር ቋንጃ ይቈርጣል። ዝሆኑም በዚያው ይቆማል፤ ሁለተኛው ቋንጃ ሲቈረጥም ደሙ ፈስሶ ይሞታል።

ፊት ለፊት የሚጋልበው ሰው እንግዲህ ሰይፉን ሳይመዝ አደኑ ያልቃል። በመጽሐፉ ውስጥ በዚህ ሥራ የታወቀው ከሸሪፍ ወንድማማቾች አንዱ የሆነው ሮደር ነው። አንድ እጁ የሰለለ ነበረ፤ በሁለት እጅ ለሚመታ ሰይፍ የማይበቃ ሰው ነው። ሆኖም ባልንጀሮቹ ነፍሱን ለአደጋ የሚሰጥበትን ቦታ ለእርሱ ሲለቁ በምሕረት አልነበረም፤ የፈረስ ችሎታው ከሁሉ የበለጠ ስለ ነበረ ነው። ቋንጃ ቈራጩም ቢሆን፥ ከፊት ያለው ሰው የዝሆኑን ዐይን ይዞ ካልቈየለት፥ ከፈረሱ በወረደበት ቅጽበት የሞተ ሰው ነው። ቤከር ይህን ሁሉ በዝርዝር ከጻፈ በኋላ ምስጋናውን የሚያቀርበው ለእያንዳንዱ ሰው ድፍረት ነው። ድፍረቱን ማንም አይክድም። ነገር ግን የደራሲው ትረካ ራሱ የሚያስረዳን፥ ድፍረቱ ሊሠራ የቻለው ባልንጀራ ባልንጀራውን በማመኑ መሆኑን ነው።

ይህንን ከደጋው ልማድ ጋራ ማስተያየት ይጠቅማል። (የመጽሐፉ ርእስ «አቢሲኒያ»ንና «ሐምራን»ን አጎራብቶ ስለሚጠራ የአንድ ሕዝብ ወግ የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር እንሰጋለን።) በኢትዮጵያ ደጋ አዳኞች ዘንድ በቈየው ልማድ፥ ብዙ ሰዎች አንዱን አውሬ ቢወጉት ግዳዩ የሚቈጠረው መጀመሪያ ላደማው ነበረ፤ የገደለው ሌላ ቢሆንም እንኳ። በጌታው ፊት ዘራፍ ብሎ የሚፎክረው እርሱ ነበረ፤ ጓደኞቹም ይመሰክሩለት ነበር። ወደ አገራችን የመጡ አንዳንድ የኤውሮፓ አዳኞች ይህን ሕግ ነቅፈዋል፤ ሰውን ያለ ጊዜው ያስተኵሳል፥ አውሬውንም አቍስሎ ያስለቅቃል ይላሉ። ነቀፋው በከፊል እውነት አለው። ግን እነዚያው ሰዎች በአገራቸው ወግ፥ ሁለት ወዳጆች አንዱን አውሬ ቢመቱ፥ ቀንዱን ወይም ቆዳውን ፊተኛዋ ጥይት ላገኘችው ሰው ይሰጡ እንደ ነበረ ለምን ይረሱታል? በራስ ቤት ጨዋነት የተባለው በሰው ቤት ሲገኝ ጅልነት መባሉ የዘመኑን ጸሐፊዎች ሁሉ የሚያገኝ ጕድለት ነው።

በእኛ አስተያየት ልዩነቱ ከሕዝቦች ጠባይ ይልቅ ከመሣሪያው ይመነጫል። ጦርም ሆነ ነፍጥ ከሩቅ የሚደርስ ነው፤ ብዙ እጆች በአንድ ጊዜ ይልኩታል። እንዲህ ሲሆን «ማን ቀደመ?» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ወዳጅነትም እንዳይፈርስ አስቀድሞ የታወቀ ፍርድ ያስፈልጋል። በሐምራን ሰይፍ ግን ማን እንደ መታ የሚጠራጠር የለም፤ ቍርጡ ካልታወቀ ቈራጩ በሕይወት የለም። ስለዚህ ወጉ የሚያተኵረው ከአደኑ በኋላ በሚመጣው ክፍያ ላይ ሳይሆን ከአደኑ በፊት በሚመደበው ቦታ ላይ ነው።

ቤከር ራሱ ደግሞ የመጣው ነፍጥ ይዞ ነው። ከመሣሪያዎቹ አንዱ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኵስ ከባድ ጠመንጃ ነበረ፤ ዐረቦቹም «የመድፍ ልጅ» ብለውታል። ይህን የያዘ ሰው በፊቱ የሚጋልብለት ሮደር አያስፈልገውም። መጽሐፉን የሚያነቡ ተማሪዎች ደራሲው ብቻውን ተኵሶ የገደለባቸውን ምዕራፎችና ከሸሪፍ ወንድማማቾች ጋራ የጋለበባቸውን ምዕራፎች ለይተው ጐን ለጐን ቢያነቧቸው፥ «እኔ» የሚለው ቃል በየትኛው እንደሚበዛ በቀላሉ ያገኙታል።