«ድፍረት» እና የጎረቤታችን ጥያቄ

ይህች ጥራዛችን ግጥምና አጭር ልብ ወለድ የለመደች ናት፤ ፊልም ሲተችባት እምብዛም አይታይም። እኔ ግን ዛሬ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ጽፎ ያዘጋጀውን «ድፍረት»ን ይዤ መጥቻለሁ። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል፤ አንጀሊና ጆሊም ስሟን አውሳዋለች። ስለዚህ አመስጋኝ አላጣም። ዳግመኛ እንዳየው ምክንያት የሆነኝ ለዕረፍት አረርቲ በገባሁ ጊዜ እናቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ቡና ላይ ሆነው በኮምፒውተሬ አብረውኝ ማየታቸው ነው። ብቻዬን ያየሁትና ከነሱ ጋር ያየሁት አንድ ፊልም አልሆነልኝም።

ታሪኩን የምታውቁት ይመስለኛል። የአሥራ አራት ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ትደፈራለች፤ በማግሥቱ የጠላፊውን ጠመንጃ አንሥታ ታመልጣለች፤ ሲደርስባት ተኩሳ ትገድለዋለች። ከአዲስ አበባ አንዲት ጠበቃ መጥታ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብላ ትሟገትላታለች። ነገሩ ከምንም አልተፈጠረም። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ በአበራሽ በቀለ ላይ ከደረሰው የተወሰደ ነው፤ ጠበቃዋም ሜሮን ጌትነት የምትጫወታት መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ፣ ኋላም ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት።

ስለ ርእሱ ብዙ ተብሏል። በአማርኛችን ጀግናውም ይደፍራል፣ ወንጀለኛውም ይደፍራል፤ አንድ ግሥ ሁለቱን ተሸክሞ ይኖራል። ዘረሰናይ ይህን ማየቱ ብልህነት ነው። እኔን ግን ከርእሱ ይበልጥ የያዘኝ የሽማግሌዎቹ ትዕይንት ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያወጋሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ዳይሬክተሩ አውሬ አላደረጋቸውም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው። የሚያስፈራውም እሱ ነው። ልጅቷ እዚያ የለችም፤ ስለ እሷ የሚወሰነው ያለ እሷ ነው። በእኔ ግምት የፊልሙ ምርጥ ደቂቃዎች እነዚህ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ከጎረቤቶቻችን አንዷ ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «እነዚህስ ደግ ናቸው፤ ማን ጥፋተኛ ነው ብለው ተከራከሩ። የኔዎቹ ገና ሳይቀመጡ ‹አንቺ ምን ብለሽው ነው?› ብለው ነው የጀመሩት» ያለችው። እናቴ ቶሎ ብላ ቡና ቀዳች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ግድግዳ ተጋርተን የኖርን ሰው ነኝ። ድምፁን እሰማው ነበር። ስሙን ግን «ጠብ» ነበር የምለው፤ የባልና የሚስት ጠብ። ጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እዚያ ቤት ግን የሚማታው አንድ ብቻ ነበር።

ፊልሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይነሣል። በ«ድፍረት» ውስጥ በደል ፈረስ ጋልቦ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ በሜዳ ላይ ይመጣል። ማንም ያየዋል። በአዲስ አበባው፣ በአረርቲው፣ በእኛም ሰፈር የሚበዛው በደል ግን ቁልፍ ይዞ፣ በር ከፍቶ፣ «እራት የታለ?» ብሎ የሚገባው ነው። ደሞዟን ተቀብሎ የሚቆጥርባት፣ ስልኳን የሚፈትሽ፣ እናቷ ዘንድ እንዳትሄድ የሚከለክላት፣ «ብትሄጂ ልጆቹን አታያቸውም» የሚላት። ገና እጁን ሳያነሣ ተጀምሯል ማለት ነው። ፊልሙ የተደበደበች ሚስትን ጉዳይ በመግቢያው ዳሰስ አድርጎ ያልፋል፤ የጠበቃዋን ቆራጥነት ማሳያ ሆና ታገለግልና ትጠፋለች። እኔ እሷን ተከትዬ መሄድ ነበር የፈለግሁት።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች ከመቶ 34ቱ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል። ይህ ያሳዝናል እንጂ አያስገርምም። ያስገረመኝ ሌላው ነው፤ ባል በአንድ ወይም በሌላ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ከሴቶቹ ከመቶ 63፣ ከወንዶቹ ግን 28 ናቸው። ወጥ ብታሳርር፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ብትመልስለት። እንግዲህ ወንዱ መልሱን አሳምሮ አውቆ ይሆን ወይስ ሴቷ ላይ ተረቱ ሁሉ ተጭኖ? «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» የሚለውን ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

እኛስ? ባለፉት ጥራዞቻችን የወጡትን ታሪኮች እስቲ ገልብጡ። ጥፊ እንደ ነጠላ ሰረዝ ነው የምንጠቀምበት። ባሏ በጥፊ ያጠናገራት ሚስት በሚቀጥለው አንቀጽ ሽንኩርት ስትከትፍ እናገኛታለን፤ ባልየው ሲጸጸት ደግሞ እንባ እንዲመጣን ይፈለጋል። በሌላ ሰው ላይ እንዳልፈርድ፣ እኔም አንድ እንዲህ ያለ ታሪክ ጽፌ «ስሜት የሚነካ» ተብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ፊልሙ የሕግ ፊልም ነውና። ሂሩት በተጠለፈችበት ዘመን ይሠራ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱን ይተውለት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ደፍኗል። በአንቀጽ 564ም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ የኃይል ድርጊት እንደ ማንኛውም የአካል ጉዳት እንደሚያስቀጣ በግልጽ ጽፏል። የቤተሰብ ሕጋችንም በፌዴራል በ1992፣ በአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ባል የቤቱ አለቃ ነው የሚለውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቃል አላስቀጠለም። ጎደሎውም ትንሽ አይደለም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ ያለውን ብቻ ይቀጣል። ቀላል የአካል ጉዳት ደግሞ የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ መጥቶ «ተይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» ካላትና አቤቱታዋን ካነሣች ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው። የዛፉ ሥር ሸንጎ ፍርድ ቤቱ ግቢ ድረስ ይከተላታል።

ፊልሙ ማኅበሩን እንደ ብረት ምሽግ አድርጎ ያሳየናል። እውነተኛው ማኅበር ግን በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በአንዲት ጥቃት የደረሰባት ሴት ጉዳይ መንግሥትን በመውቀሱ ለሳምንታት ታግዷል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ማኅበራት አዋጅ ደግሞ የውጭ ገንዘብ ምንጩን ቆርጦ ሥራውን በእጅጉ አቀጨጨው፤ አዋጁ የተተካው በ2011 ነው። ይህ ሁሉ ለሌላ ፊልም የሚበቃ ታሪክ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር አላልፍም። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ፊልሙ ሊታይ ሕዝቡ ተቀምጦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣ። አበራሽ በቀለ ያለ ፈቃዴ ታሪኬ ተወሰደ ብላ ነበር። ዘረሰናይን ለመኮነን አይደለም ይህን የማነሣው፤ ነገር ግን ስለ ልጅቷ ያለ ልጅቷ የሚወስኑትን ሽማግሌዎች ያን ያህል አሳምሮ የሣለ ሰው በዚህ መጠየቁ አይቀርም።

ፊልሙ ሲያልቅ ያቺው ጎረቤታችን፣ «ልጄ፣ ይሄ ማኅበር አረርቲ አለ?» አለችኝ። አዲስ አበባ ነው አልኳት። ቀጥዬ የማውቀውን ነገርኳት፦ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃል ማስመዝገብ፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ሐኪም ቤት ሄዶ የሕክምና ማስረጃ መያዝ፤ ዐቃቤ ሕግ፤ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፤ የሕግ ትምህርት ያለባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት ነጻ የሕግ ድጋፍ። ማደሪያ ካስፈለገም ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባም አዳማም ቤት እንዳለው፣ ከአረርቲ በሞጆ በኩል አዳማ ሩቅ እንዳልሆነ። ፍቺ ከጠየቀችም ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆችና ስለ ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንደሚሰጥ።

ፀጥ ብላ ሰማችኝና፣ «እኔ እንዲታሰርም፣ ትዳሬ እንዲፈርስም አይደለም» አለች። «ሳይታሰር፣ ሳልፈታው፣ እጁን ብቻ እንዲያነሣልኝ የሚያዝለት ዳኛ የለም?»

ይህን የሚመልስ ራሱን የቻለ ሕግ የለንም፤ ፊልሙም አልጠየቀውም። እናቴ ሦስተኛውን ቡና ቀዳች።