ከመፍትሔው በኋላ፦ ጀግንነትና ችግር ፈቺነት በጥንት ግሪካውያን አፈታሪኮች

የጥንት ግሪካውያንን አፈታሪኮች የሚያነሱ ጽሑፎች ጀግኖቹን ብዙ ጊዜ በሁለት ጎራ ይከፍሏቸዋል፤ በአንድ ወገን ሄራክለስን የመሰሉ ባለጉልበቶች፣ በሌላው ወገን ኦዲሴዎስን የመሰሉ ባለብልሃቶች። አከፋፈሉ ለማስተማር ይመቻል። ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ጉልበተኛ የተባለውም ቢሆን በጡንቻው ብቻ የማይወጣቸው ችግሮች ይገጥሙታል። ሁለተኛ፣ ትኩረታችንን ችግሩ በተፈታበት ቅጽበት ላይ ያስቀረዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ በነዚህ ተረኮች ውስጥ መፍትሔ ሁሉ ዕዳ ይዞ እንደሚመጣና የጀግናው ማንነት የሚለየው ዕዳውን በሚቀበልበት ሁኔታ መሆኑን ነው።

ከሄራክለስ እንነሳ። የአፖሎዶሮስ ነው በሚባለው «ቤተ መጻሕፍት» በተሰኘው የአፈታሪክ ስብስብ መሠረት፣ ጀግናው በመጀመሪያ የታዘዘው 10 ሥራ ነበር። 12 የሆነው ንጉሥ ኤውሪስቴዎስ ሁለቱን አልቆጥርም በማለቱ ነው። የሃይድራ አንድ ራስ በተቆረጠ ቁጥር ሁለት ይበቅል ስለነበር፣ የወንድሙ ልጅ ኢዮላውስ ቁርጡን በእሳት እየተኮሰ ረዳው፤ ስለዚህ ብቻውን አልሠራውም ተባለ። የአውጊያስን በረት ወንዞች ጠልፎ በአንድ ቀን ቢያጸዳም፣ በዋጋ ተዋውሎ ሠርቷል ተብሎ ተሰረዘበት። የተሰረዙት ሁለቱ፣ ዘዴ ከጡንቻ በልጦ የታየባቸው ሥራዎች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ዕዳው በዚህ አያበቃም። ሄራክለስ ፍላጻዎቹን በሃይድራ መርዝ ነከረ። በዚያው ፍላጻ የወጋው ኔሶስ ሊሞት ሲል የተመረዘ ደሙን ፍቅር ያጸናልሻል ብሎ ለጀግናው ሚስት ለዴያኔይራ ሰጣት። ሶፎክለስ «የትራኪስ ሴቶች» በተሰኘው ተውኔቱ እንደሚያሳየው፣ እሷ በቅንነት ደሙን የቀባችው ልብስ ሄራክለስን ለሞት አበቃው።

በ«ኦዲሴይ» 9ኛ መጽሐፍ ደግሞ ኦዲሴዎስ በፖሊፌሞስ ዋሻ ተዘግቶበታል። ግዙፉ በተኛበት ሊወጋው ይነሳና፣ በሩን የዘጋውን ቋጥኝ ማን ያነሳዋል ብሎ እጁን ይሰበስባል። ስሜ «ማንም» ነው ብሎ ያታልለዋል፤ በወይን ጠጅ አስክሮ ዓይኑን ያጠፋዋል። ጎረቤቶቹ ጩኸቱን ሰምተው ቢመጡም «ማንም ገደለኝ» ሲላቸው ተመልሰው ይሄዳሉ። በግሪክኛ «ማንም» የሚለው ቃል በአንዱ ቅርጹ «ሜ ቲስ» ስለሚባል፣ ብልሃት ማለት ከሆነው «ሜቲስ» ጋር በድምፅ ይገጥማል፤ ሆሜርም በዚህ ይጫወታል። ያዳነው እንግዲህ ስም የለሽነቱ ነበር። መርከቡ ከባሕሩ ዳር ሲርቅ ግን እውነተኛ ስሙን ጮሆ ይናገራል። ፖሊፌሞስም ያን ስም ጠርቶ አባቱን ፖሴይዶንን ይማጸናል፤ ኦዲሴዎስ ዘግይቶ፣ ጓደኞቹን ሁሉ አጥቶ፣ በሰው መርከብ አገሩ ይገባል።

ይህ የትዕቢት ቅጣት ብቻ ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ትርጓሜው ለኦዲሴዎስ ጩኸት ይሠራ ይሆናል፤ ፍላጻውን መርዝ የነከረውን ሄራክለስን ግን አይገልጸውም። ኤዲፐስንም ቢሆን እንቆቅልሽ በመፍታቱ ትዕቢተኛ ልንለው አንችልም።

በእኛ የእንቆቅልሽ ጨዋታ መልስ ያጣ አገር ይሰጣል። በቴብስ ግን መልስ ያጣ በስፊንክስ ይበላል፤ ያወቀ አገር ይወርሳል። ጠዋት በአራት፣ ቀትር በሁለት፣ ማታ በሦስት እግር የሚሄደው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ኤዲፐስ «ሰው» ብሎ መለሰ። ዙፋኑንና የሟቹን ንጉሥ ሚስት፣ ሳያውቅ የገዛ እናቱን፣ ወረሰ። ሰው ምን እንደሆነ ያወቀው እሱ፣ የራሱን ማንነት አላወቀም ነበር።

የሶፎክለስ «ኤዲፐስ ንጉሥ» የሚጀምረው ከዚህ ድል ዓመታት በኋላ ነው። ከተማይቱን መቅሠፍት መትቷታል፤ ፈውሱ የላዮስን ገዳይ ማግኘት ነው። ዮካስታ ምርመራውን እንዲተው ትለምነዋለች፤ እሱ አይተውም። እውነቱ ሲወጣም በገዳዩ ላይ ያወጀውን ስደት በራሱ ላይ እንዲፈጸም ይጠይቃል። የመጀመሪያው መፍትሔ ዘውድ ሰጠው፤ ሁለተኛው ዘውዱንም ዓይኑንም ወሰደ። በእኔ አስተያየት ጀግንነቱ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው። ጀግናን በድሉ ብቻ የሚመዝን ሂስ ተውኔቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሳይደርስ ይቆማል።