የቤዝ ጊታር ድርሻና ጃክ ብሩስ

ቤዝ ጊታር በሮክ ሙዚቃ ውስጥ ደጋፊ ብቻ ነው የሚል አስተያየት አለ። የጃክ ብሩስ ሥራ ግን ይህን አይቀበልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 በስኮትላንድ የተወለደው ብሩስ፣ በግላስጎው የሙዚቃ አካዳሚ ቼሎ ሲማር ጃዝ መጫወቱ ስላልተወደደለት ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ሆኖም ቼሎው ከጣቱ አልጠፋም፤ ከ1966 እስከ 1968 ክሪም በተባለው የሦስት ሰዎች ጓድ ውስጥ ቤዙ ለኤሪክ ክላፕተን ጊታር እንደ ሁለተኛ ዘፋኝ ይመልሳል። ጉድለቱ፣ በመድረክ ላይ ሦስቱም አንድ ጊዜ ሲናገሩ ዘፈኑ ሰሚ ማጣቱ ነው። በ1969 ለብቻው ባወጣው «ሶንግስ ፎር ኤ ቴይለር» ይህ ታርሟል፤ ብሩስ ፒያኖና ቼሎ ጨምሮ ሲጫወት፣ ቤዙም ይናገራል፤ ዘፈኑም ይሰማል። እስካረፈበት እስከ 2014 ድረስ ጃዝንና ሮክን ሳይነጣጥል መሥራቱም፣ አካዳሚው ያጠበበውን በር ሥራው እንዳሰፋው ያስረዳል።