ሱዋኪን፦ የኮራል ቤቶች ደሴት

ሱዋኪን በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ የብስ ዘልቆ በገባ ጠባብ የባሕር ክንድ ውስጥ ያለች ትንሽ ክብ ደሴት ናት። በአፈ ታሪክ ንጉሥ ሰሎሞን ጂኒዎችን ያሰረባት ስፍራ ናት ይባላል፤ ስሟንም «ጂኒ ሠራት» ከሚል የዐረብኛ ሐረግ ጋር የሚያያይዙት አሉ። ይህን ያህል ያስገረመው ግንባታ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው።

ግንበኞቿ ከባሕር የወጣ ኮራል እየጠረቡ ባለፎቅ ቤቶችን አቆሙ፤ በኖራም ለሰኗቸው። ሮሻን የሚባለው፣ ከግድግዳው ወጣ ያለው የእንጨት መስኮት የባሕሩን ነፋስ ያስገባ ነበር፤ በቤት ያለውም ሰው ሳይታይ መንገዱን ያይ ነበር። በደሴቲቱ ላይ የሐነፊና የሻፊዒ መስጊዶች ይገኛሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በውሃው ላይ የተደለደለው መንገድ ደሴቲቱን በየብስ ካለው የገበያ ሰፈር፣ ከጌፍ ጋር ያገናኛታል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎችም በዚህ ወደብ ያልፉ ነበር።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለትልልቅ መርከቦች የሚመች ወደብ በፖርት ሱዳን ሲቆረቆር ነጋዴው ተከትሎ ሄደ። የኮራል ግንብ በየጊዜው ካልተለሰነ ይፈረፈራልና፣ ባለቤት ያጡት ቤቶች ተራ በተራ ተናዱ። ሠዓሊው ዣን ፒየር ግሪንሎ ግን ብዙዎቹን ከመጥፋታቸው በፊት ለክቶና ሥሎ አቆያቸው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1976 በመጽሐፍ ታትሟል። ሱዋኪንን መልሶ ለመገንባት ለሚነሣ ሰው ያ መጽሐፍ ጠቃሚ ምንጭ ነው።