የሽማግሌ ቤትና የራስላስ መንገድ

ሰው በወጣትነቱ መንገድን፥ በሽምግልናው ቤቱን ይወዳል፤ ይህ በየሀገሩ የታወቀ ነገር ነው። የዕረፍቱ ወራት ሲቃረብ ከሁሉ ቀድሞ ጓዙን ያሰናዳ የነበረ፥ ባሕሩን ልይ፥ ተራራውን ልውጣ እያለ ቤተ ሰቡን ሲያስቸኵል የኖረ ሰው፥ ዕድሜው ስድሳን ባለፈ ጊዜ «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ከቤቴ እውላለሁ» ይላል። የገዛ አልጋው፥ የለመደው ወንበር፥ በሰዓቱ የሚቀርብለት ቡና ከሩቅ ሀገር ውበት ሁሉ ይበልጥበታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «አባታችን ደከመ» ብለው ያዝናሉ፤ እሱ ግን «አሁን ገና ልብ ገዛሁ» ይላል። ከሁለቱ እውነቱ የማን ነው?

ጥያቄው ለጨዋታ ያህል የሚነሣ አይደለም። ድካም እንደ ሆነ፥ ሽማግሌውን ትቶ መሄድ እሱን መጣል ነው፤ ጥበብ እንደ ሆነ ደግሞ እጁን ይዞ መጐተት ዕረፍቱን መንሣት ነው። የዕረፍት ጕዞ የጥቂት ባለጸጎች ነገር በነበረበት ዘመን ይህ ጥያቄ የጥቂቶችን ቤት ብቻ ያንኳኳ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ ሀገር ቶማስ ኩክ በ1841 ዓ.ም. አምስት መቶ ያህል ሰዎችን በነፍስ ወከፍ አንድ ሺሊንግ አስከፍሎ በባቡር ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ከወሰደ ወዲህ፥ የፈረንሳይም መንግሥት በ1936 ዓ.ም. ለሠራተኛው ደመወዙ ሳይቋረጥበት የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ከሰጠ ወዲህ፥ በዓመት አንድ ጊዜ ወጥቶ መመለስ በነዚያ ሀገሮች የብዙ ሕዝብ ልማድ ሆኗል። (በዚህ ጽሕፈት የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ስለዚህ አንሄድም የሚሉት ሽማግሎችም በዝተዋል።

ነገሩን ለመመርመር አንድ መጽሐፍ መርጠናል፤ ይኸውም እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ዓ.ም. ያሳተመው «ራስላስ» ነው። ታሪኩ ስለ ኢትዮጵያ ልዑል የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ ስለ መለሱት፥ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያነበው ደስታን ፍለጋ እንደ ወጣ የወጣት ታሪክ አድርጎ ነው። እኛ ግን ዛሬ ከሽማግሌው ወንበር ተቀምጠን እናንብበው።

ራስላስ በአማራ ምድር፥ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ ይኖራል። ምግቡ፥ ዘፈኑ፥ የአትክልቱ ጥላ አይጐድልበትም። በሩ የሚከፈተው ንጉሠ ነገሥቱ በየዓመቱ ለስምንት ቀን ልጆቹን ሊጐበኝ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ለመኖር የገባም ከእንግዲህ አይወጣም። ልዑሉ በሃያ ስድስት ዓመቱ ይህ ሁሉ ምቾት ይሰለቸው ዠመር፤ ኋላም ከእኅቱ ከነቃያ፥ ከባልንጀራዋ ከፔኳና ኢምላክ ከሚባል ባለ ቅኔ ጋራ ተራራውን በስቶ አመለጠ፤ ወደ ካይሮም ወረደ። ከዚህ የመጽሐፉ መግቢያ አንድ ነገር እንማራለን። ምቾት ብቻውን ሰውን በቤቱ የሚያቈይ ቢሆን ኖሮ፥ ከዚያ ሸለቆ የሚወጣ ባልተገኘም ነበር። እንግዲህ ሽማግሌውን ከቤቱ ያስቀመጠው ፍራሹና ወንበሩ ነው የሚል ሰው ነገሩን ከላይ ብቻ አይቶታል።

አሁን ወደ አርባ አምስተኛው ምዕራፍ እንሂድ፤ የመጽሐፉ ልብ በእኛ ዘንድ እዚህ ነው። መንገደኞቹ በጨረቃ ብርሃን በዓባይ ዳር ሲመላለሱ አንድ የተማረ ሽማግሌ አገኙ። ልዕልቲቱ፥ ብዙ ለሚያውቅ ሰው ይህ የማታ ሽርሽር እጅግ ደስ የሚያሰኝ መሆን አለበት አለችው። ሽማግሌው ግን ዓለም ለእሱ አዲስነቷን እንዳጣች ይነግራታል። ዛፍ ቢያይ፥ በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ስለ ዓባይ ሙላት አብሮት ይከራከር የነበረው ወዳጁ አሁን በመቃብር እንዳለ ያስባል። ኢምላክ፥ በክብር የኖርህበትን ዘመንና ያገኘኸውን ምስጋና እያሰብህ ተጽናና ቢለው፥ ሽማግሌው ለእኔ ምስጋና ባዶ ድምፅ ነው፤ በልጅዋ ስም የምትደሰት እናት የለችኝም፥ ክብሬን የምትካፈል ሚስትም የለችኝም የሚል መልስ ሰጥቶ ሄደ። ወጣቶቹ ከሄደ በኋላ ያሙታል፤ ልዑሉ ከእርጅና ደስታ መጠበቅ ምን ያደርጋል ይላል፤ ሴቶቹም ሽማግሎች ነጭናጮች ናቸው፥ ቅናትም ነው እያሉ ቃሉን ያቃልሉታል። ኢምላክ ግን ዝም ብሎ ፈገግ ይላል፤ እሱም በነሱ ዕድሜ እንደዚያ ያስብ ነበርና።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሽማግሌ ልብ ብለህ ተመልከተው። ጕልበቱ አልከዳውም፤ በሌሊት ወጥቶ በወንዝ ዳር ይመላለሳል። ዓይኑም አልፈዘዘም፤ ዛፉንና ጨረቃውን ያያል። የጐደለው የሚነግረው ሰው ነው። መንገድ የሄደ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ አዲስ ነገር የማየት ደስታ ግማሹ በማየቱ፥ ግማሹ ተመልሶ በማውራቱ ነው። ከጐኑ «ይህን እይ» የሚለው ባልንጀራ፥ ከቤቱም «ምን አየህ?» ብሎ የሚጠይቀው ወዳጅ ያጣ ሰው፥ የዓለምን ውበት ሁሉ ቢያሳዩት እንደ ሰማ ዲዳ ይሆናል። ጆንሰን ይህን በግልጽ ቃል አልጻፈውም፤ ነገር ግን ሽማግሌው ከቈጠራቸው ጕድለቶች ዋነኞቹ የአካል ጕድለቶች አይደሉም፤ የሞቱ ሰዎች ናቸው።

ይህ ምዕራፍ ከየት እንደ መጣ የደራሲውን ሕይወት ያየ ሰው ያውቃል። ጆንሰን ሚስቱን በ1752 ዓ.ም. ቀበረ። በ1759 ዓ.ም. በጥር ወር እናቱ በትውልድ ከተማው በሊችፊልድ በሞት አልጋ ላይ ሳለች እሱ በሎንዶን ነበረ፤ ለብዙ ዓመታትም አልጐበኛትም። መጽሐፉን በአንድ ሳምንት ማታ ማታ ጽፎ የጨረሰው ለቀብሯ ወጪና ለዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው አርባ ዘጠኝ ነበረ። እንግዲህ በዓባይ ዳር ቆሞ እናትም ሚስትም የለችኝም የሚለው ሽማግሌ፥ ገና ሃምሳ ያልሞላው ሐዘንተኛ ነው። እርጅና ብለን የምንጠራው ቅዝቃዜ ብዙ ጊዜ ኀዘን እንደ ሆነ፥ መጽሐፉ ሳያስበው መስክሯል።

የመጽሐፉ ትልቁ ጕድለት ደግሞ በኢምላክ ታሪክ ይገለጣል። ኢምላክ በጎጃም፥ ከዓባይ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ የተወለደ የነጋዴ ልጅ ነው። ሕንድን፥ ፋርስን፥ ፍልስጥኤምን፥ ግብፅን አይቶ፥ ሃያ ዓመት ከሀገሩ ርቆ ከቈየ በኋላ፥ ዘመዶቹ እንዴት እቅፍ አድርገው እንደሚቀበሉት እያሰበ ተመለሰ። አባቱ ከሞተ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖት አገኘ፤ ወንድሞቹ ሀብቱን ተካፍለው ወደ ሌላ አውራጃ ሄደዋል፤ ከባልንጀሮቹም የሚበዙት ሞተዋል፤ ከቀሩት አንዳንዱ በጭንቅ ያስታውሰዋል፥ አንዳንዱም የውጭ ሀገር ጠባይ ያበላሸው ሰው አድርጎ ያየዋል። በመጨረሻ ዓለም ሰለቸውና ወደዚያ ወደ ተዘጋው ሸለቆ ገባ።

ጆንሰን ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር ያልፈዋል። የእኛ ሀገር አንባቢ ግን እዚህ ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ መርዶው ወዴት አለ? በጎጃም ምድር ከሃያ ዓመት በኋላ የተመለሰ ልጅ የአባቱን ሞት በመንገድ ላይ እንደ ገበያ ወሬ አይሰማም። ሽማግሎች ተሰብስበው ማልደው ይነግሩታል፤ ጎረቤት መጥቶ አብሮት ያለቅሳል፤ ሞቱ ዐሥራ አራት ዓመት ያለፈው ቢሆንም ለልጁ ግን የዛሬ ነው ተብሎ ለቅሶ ይቀመጡታል። ይህ ሁሉ በመጽሐፉ የለም። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላያትም፤ የፖርቱጋሉን የአባ ጀሮኒሞ ሎቦን የጕዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ በ1735 ዓ.ም. አሳትሟልና ሀገራችንን የሚያውቃት በዚያ በኩል ነው። ተራራዋንና ወንዟን ከመጽሐፍ ማግኘት ይቻላል፤ ቤቷን ግን ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ በ«ራስላስ» ውስጥ ምቾት ያለው እስር ቤት አለ፥ ረጅም መንገድ አለ፥ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ቤት ግን አንድ እንኳ የለም።

እንዲህ ያለውን ቤት ለማየት ወደ ሮማዊው ሴኔካ እንመለስ። ሴኔካ ከኔሮን ቤተ መንግሥት ከራቀ በኋላ፥ በሕይወቱ መጨረሻ ዓመታት ለወዳጁ ለሉኪልዮስ ብዙ ደብዳቤ ጽፏል። በሃያ ስምንተኛው ደብዳቤ ሉኪልዮስ ብዙ ሀገር ዞሮ ትካዜው ስላልለቀቀው ይገሥጸዋል፤ ሰው ወዴትም ቢሄድ ራሱን ይዞ ይሄዳልና። ይህ ቃል ከቤታችን አንወጣም ለሚሉ ሽማግሎች ጥሩ ጠበቃ ይመስላል። ነገር ግን ያው ሴኔካ በዐሥራ ሁለተኛው ደብዳቤ የገጠር ቤቱን ሊያይ በሄደ ጊዜ የደረሰበትን ይተርካል። ግንቡ ፈራርሷል፤ ዛፎቹም ደርቀዋል፤ ሲቈጣ የቤቱ ጠባቂ ዛፎቹ አርጅተዋል አለው፤ የተከላቸው ግን እሱ ራሱ ነበረ። በደጁ አንድ ጃጅቶ የቀረ ባርያ ቆሟል፤ ይህ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ በሕፃንነቱ አብሮት ይጫወት የነበረው ፌሊኪዮ ሆኖ ተገኘ። እነሆ፥ የሚያውቀው ሰው በደጁ ቆሞ ሳለ ጌታው አላወቀውም። ቤቱን የሚመርጥ ሽማግሌ ይህን ምዕራፍ ደጋግሞ ሊያነበው ይገባዋል። በገዛ ደጁ የቆመውን ሰው የማያይ ከሆነ፥ ቤት መዋሉ ከመዞር አይሻለውም።

በመቶ አራተኛው ደብዳቤ ደግሞ ሌላ ነገር እናያለን። ሴኔካ ትኵሳት ይዞት ከሮማ ወደ ኖሜንቱም የእርሻ ቤቱ ሲሸሽ ሚስቱ ጳውሊና ልታስቀረው ሞከረች። እሱም የሷ ነፍስ በእሱ ነፍስ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፥ ለሷ ሲል ለራሱ መጠንቀቅ እንዳለበት ይጽፋል። ያ የማይበገር ፈላስፋ በሽምግልናው ሰውነቱን የሚንከባከበው አንዲት የምትጨነቅለት ሴት ስላለች ነው። የሽማግሌ የቤት ምቾት ትርጓሜው ይህ ነው፤ ሙቅ ልብስ የሚያለብሰው እጅ ከልብሱ ይበልጣል።

ይህን ፍርድ የጆንሰን የኋላ ዘመን ራሱ ያጸናዋል። በ1773 ዓ.ም. ዕድሜው ስድሳ ሦስት ሆኖ ሳለ፥ ያ በሥጋ የከበደና ሕመም የማይለየው ሰው በፈረስና በታንኳ እስከ ስኮትላንድ ደሴቶች ተጕዟል። በ«ራስላስ» ውስጥ የቀዘቀዘው ልብ በምን ሞቀ? ከጐኑ ጄምስ ቦዝዌል ነበረ፤ ይህ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ቃሉን ሁሉ እየሰማ ይጽፍ ነበር። በስተኋላውም ወይዘሮ ሄስተር ስሬል ነበረች፤ ያየውን ሁሉ በረጃጅም ደብዳቤ ይነግራታል። የሚሰማው ሰው ስላገኘ መንገዱ እንደ ገና አዲስ ሆነለት። ቤቱም ሰው አልጐደለበትም፤ ድኻ ሐኪሙ ሮበርት ሌቬትና ዓይነ ስውሯ አና ዊልያምስ ከእሱ ጋራ ይኖሩ ነበር። ሌቬት በ1782፥ አና በ1783 ዓ.ም. ሞቱ። በ1784 ዓ.ም. ጆንሰን ሐምሌ ላይ ከሎንዶን ወጥቶ ወደ ትውልድ ከተማው ሄደ፤ ብዙ ወራትም ቈይቶ ከተመለሰ በኋላ በታኅሣሥ ወር ዐረፈ።

እርግጥ ነው፥ አካላዊ ድካምን የሚክድ ሐሰተኛ ነው። ጕልበቱ የታመመ ሰው ደረጃ መውጣት አይወድም፤ እንቅልፉ የቀለለ ሰውም በማያውቀው አልጋ ያድራል ማለት ዘበት ነው። ቀድሞ ብዙ አይቶ ያከማቸ ሽማግሌም ከቤቱ ሳይወጣ የሚጓዝበት ሀብት አለው፤ ኢምላክ በተዘጋው ሸለቆ ውስጥ ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት የሚሻለው፥ በልቡ ያከማቸውን የሀገር መልክ እያወጣ ስለሚያይ ነው። ነገር ግን ይህን ሀብት ለማንም የማያወራው ከሆነ፥ እንደ ተቀበረ ገንዘብ ነው።

የ«ራስላስ» ፍጻሜ እንዲህ ነው፤ ዓባይ ሞልቶ መንገደኞቹን በቤት ይዘጋባቸዋል፤ እዚያ ተቀምጠው የየራሳቸውን ምኞት ያወራሉ፤ ምኞታቸው እንደማይፈጸም ያውቃሉ፤ ውሃው ሲጐድል ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ይቈርጣሉ። ብዙ ተቺዎች ይህን ፍጻሜ ባዶ ነው ይሉታል። በእኛ አስተያየት ግን ደራሲው ሳያውቀው በዚህ ስፍራ ቤት ሠርቷል። ጐርፉ ደጁን ዘግቶት፥ ልዑሉና እኅቱ፥ ፔኳና ኢምላክ፥ ሽማግሌው የከዋክብት መርማሪም ሳይቀር በአንድነት ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። በመጽሐፉ ሁሉ ከዚህ ይበልጥ የቤት መልክ ያለው ገጽ የለም።

እንግዲህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ ልጆቹም አባትየውም ፍርዱን በችኰላ ሰጥተዋል እንላለን። አባታችሁ ዘንድሮ አልሄድም ባለ ጊዜ፥ ጕልበቱን ከመመርመራችሁ በፊት፥ ከቤት ሲቀር ማን አብሮት እንደሚውል ጠይቁ። በደጁ የሚገባ ጎረቤት፥ ታሪኩን የሚሰማ የልጅ ልጅ፥ ቡናውን የምትካፈል ሚስት ካለችው፥ በሰላም ተዉት፤ ተመልሳችሁም ያያችሁትን ንገሩት። ይህ ሁሉ ከሌለው ግን ወንበሩን ወደድሁ ማለቱን አትመኑት፤ ወይ ይዛችሁት ሂዱ፥ ወይ ከእናንተ አንዱ ይቅርለት።