የብሪስቶል ሸክላዎችና የሌስሊ ሪድል ጆሮ

ብሪስቶል ከተማ ውስጥ የአሜሪካ ግዛቶቹ ቴነሲና ቨርጂኒያ የሚዋሰኑት በዋናው መንገድ መሐል ለመሐል ነው። በ1927 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 5፣ የቪክተር ሸክላ ኩባንያው ራልፍ ፒር በዚሁ መንገድ ዳር በነበረ የባርኔጣ ድርጅት ሕንፃ ውስጥ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ማይክሮፎን ተክሎ፣ የአፓላቺያን ተራራ ሰዎችን ሲያዘፍን ሰነበተ። 19 ዘፋኞችና ቡድኖች 76 ዘፈኖች አስቀረጹ። የካርተር ቤተሰብና የጂሚ ሮጀርስ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ላይ የሰፈረውም ያኔ ነው።

በዚህ ምክንያት የብሪስቶል ቀረጻዎች «የካንትሪ ሙዚቃ ልደት» ይባላሉ። ስያሜው ለእኔ አይዋጥልኝም። ቫዮሊን ተጫዋቹ ኤክ ሮበርትሰን ኒው ዮርክ ላይ የተቀረጸው በ1922 ነው። ጆን ካርሰን ደግሞ በ1923 አትላንታ ላይ ተቀርጿል፤ ያውም በዚሁ በፒር እጅ። ፒር የካርሰንን አዘፋፈን ፈጽሞ አልወደደውም ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ 500 ሸክላዎች ግን ወዲያው ተሸጠው አለቁ። ከቀዳሚነቱ ጥያቄ የሚከብደው ሌላ ነው፦ «ልደት» የሚለው ቃል ምርጫን ይሸፍናል። የተራራው ዘፈን እንዳለ ወደ ሸክላ የገባ ያስመስላል፤ ፒር ግን ወደ ብሪስቶል የሄደው ወንፊት ይዞ ነበር።

አንዱ ወንፊት ጊዜ ነው። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ታሪኩን በብዙ አንጓ የሚተርክ የቆየ ዘፈን እየተቆረጠ ነበር የሚገባው። ሁለተኛው የባለቤትነት መብት ነው፤ ብዙ መዘዝ ያመጣውም ይኸኛው ነው። ፒር ከቪክተር ጋር በነበረው ስምምነት ዋና ጥቅሙ ከደመወዝ ሳይሆን ከዘፈኖቹ የኅትመት መብት የሚገኝ ነበር። ስለዚህ የሚፈልገው በማንም ስም ያልተመዘገበ፣ ወይም ተሻሽሎ እንደ አዲስ ሊመዘገብ የሚችል ዘፈን ነው። የካርተር ቤተሰብ መሪ ኤ.ፒ. ካርተር በየሸለቆውና በየደጃፉ ዘፈን ፍለጋ የዞረው ይህን ፍላጎት ለማሟላት ነው። ያገኘው ዘፈን እየተስተካከለ በስሙ ተመዘገበ።

ብቻውን ግን አልነበረም። በ1928 ገደማ ቴነሲ፣ ኪንግስፖርት ውስጥ ሌስሊ ሪድል ከተባለ ጥቁር ጊታሪስት ጋር ተዋወቀ። ሪድል በወጣትነቱ ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ በደረሰበት አደጋ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ዘርን ከዘር በሚለየው ሕግ ዘመን ሁለቱ አብረው ተጓዙ፤ ካርተር ግጥሙን በወረቀት ሲጽፍ፣ ሪድል ዜማውን በጆሮው ይዞ ይመለስ ነበር። በሸክላዎቹ ላይ የሪድል ስም አልወጣም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የካርተር ቤተሰብ ጊታሪስት የሜይቤል ካርተር አጨዋወት በሙሉ ከሪድል የመጣ ነው የሚሉ አሉ። በአውራ ጣቷ ዜማውን በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እያወጣች በቀሩት ጣቶቿ ምቱን መያዟ ግን ሪድልን ሳታውቅ በተቀረጸችባቸው የ1927 ሸክላዎች ላይ አስቀድሞ ይሰማል። ከእሱ መማሯን ራሷ መስክራለች፤ ያ ትምህርት በነበራት ላይ የተጨመረ ነው። ለሪድል ያልሠራውን መስጠት አያስፈልግም፤ የሠራው ይበቃዋል።

ሙዚቃው እንዲህ ከዘር ዘር ቢሻገርም፣ የሸክላ ኩባንያዎቹ የጥቁሮቹን ሙዚቃ በአንድ ዝርዝር፣ የነጭ ገጠሬውን በሌላ ዝርዝር ለይተው ይሸጡ ነበር። መስመሩ የሽያጭ ክፍሉ እንጂ የሙዚቀኞቹ አይደለም፤ የተራራው ሙዚቃ መለያ የሆነው ባንጆ ራሱ መሠረቱ አፍሪካዊ ነው። ሸክላ ሰብሳቢው ሃሪ ስሚዝ በ1952 ከእነዚህ አሮጌ ሸክላዎች 84 መርጦ ሲያሳትም የዘፋኞቹን ዘር አልጠቀሰም። ብዙ አድማጮች ጥቁሩን ሚሲሲፒ ጆን ኸርትን ለዓመታት ነጭ የተራራ ሰው አድርገው አደመጡት። ዝርዝሩ የለየውን ጆሮ መለየት አልቻለም።

በ1960ዎቹ ሜይቤል ስለ ሪድል ለሙዚቀኛው ማይክ ሲገር ነገረችው። ሲገር ሮቼስተር፣ ኒው ዮርክ ድረስ ሄዶ አገኘው፤ ለዓመታት እየተመላለሰም ቀረጸው። አልበሙ የወጣው ሪድል ከሞተ በኋላ፣ በ1993 ነው። በዚያ አልበም ላይ የሚዘፍነው ሪድል ራሱ ነው፤ ሽፋኑም ላይ ስሙ ሰፍሯል።